ወስፌ ያልገባበት ደፍ

የሰፈሩ ሰው እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ረስቶታል፤ «ወስፌ» ነው የሚለው። ሌላው ብዕር በሚሰካበት የደረት ኪስ እሱ የእንጨት እጀታ ያላት ወስፌ ይሰካል። ያገለገለ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሁሉ እሁድ ጠዋት ወደ መሸጫው ሜዳ ከመውጣቱ በፊት የእሱን በር ያንኳኳል። ወስፌ እንደ ሌላው አዋቂ ነኝ ባይ ሞተር አያስነሳም፣ ጎማ በእርግጫ አይመታም። ይንበረከክና እጁን ከመኪናው በር ሥር፣ ደፍ ከሚሉት ረጅም የብረት ሳጥን ሆድ ላይ ሰድዶ ይወጋል። ብረት ከሆነ ወስፌዋ «ቃ» ብላ ትመለሳለች። ዝገት የበላውን ቀዳዳ በስቱኮ ጠቅጥቀው ቀለም የለቀለቁበት ከሆነ ግን ጭቃ እንዳገኘ ካስማ ዝም ብላ ትሰምጣለች።

ያኔ ጉልበቱን እያራገፈ ይነሳል። «ወንድሜ፣ የምትሸጠው መኪና ነው ወይስ የተለሰነ ግድግዳ?»

ሻጮች ሲያዩት ፊታቸው ይጠቁራል። አንዱ «አንተ ሰው ነህ ወይስ ምስጥ?» ብሎት ሜዳው በሳቅ አውካክቷል። ሌላው ይምላል ይገዘታል፤ «እኔ አይደለሁም፣ ቀቢው ነው»፤ «አለቃዬ አዞኝ ነው»፤ «እንዲሁ ሆና ነው የገዛኋት»። ለሁሉም የወስፌ መልስ አንድ ነው።

«እጁ የማን ነው?»

ልክ ነበር። የበሰበሰ ብረት በቀለም ሸፍኖ፣ ልጆቹን ጭኖ ለሚነዳ ሰው የሚሸጥን ሰው ሌባ ማለት ሌባን መስደብ ነው። ሌባ ያንተን ይዞ ይሄዳል እንጂ ሞት አስቀምጦልህ አይሄድም።

የወስፌ ሥራ ባትላሜራ ነው፤ የተጨራመተ የመኪና አካል ያቃናል፣ ላሜራ ይቆርጣል፣ ይበይዳል። ቀን ቀን በሰው ጋራዥ የሰው መኪና ይቀጠቅጣል። የራሱ ሰዓት ሲሆን ግን ግቢው ውስጥ ካለው የቆርቆሮ መጠለያ ሥር አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ያድሳል። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ ጣሪያ የሌላቸው፣ ተቀምጠህባቸው እጅህን ብትዘረጋ አስፋልቱን የምትነካባቸው ዓይነት። ብሎናቸው ሁሉ በኢንች ስለሆነ የጋራዡ ቁልፍ አይገጥማቸውም፤ ወይ ይጠባል ወይ ይሰፋል። ወስፌ የራሱን ቁልፎች አሟልቷል። ሁለት ካርቡራቶር ያላቸውን ሲያስተካክል የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን ካርቡራቶሩ አፍ ላይ ደግኖ የአየሩን ትንፋሽ ያዳምጣል፤ ሁለቱ እኩል እስኪተነፍሱ ድረስ አንዲት ብሎን እያጠበቀ፣ እያላላ፣ እንደ ሐኪም።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። መጠለያው መኪኖቹ ከመምጣታቸው በፊት የእሷ የስፌት ቦታ ነበር፤ ይህን አትረሳም፣ እንዲረሳም አትፈቅድለትም። «ከኔ ጎን ከተኛኸው ከእነሱ ሥር የተኛኸው ይበልጣል፤ እንካ!» ብላ አንድ ቀን እውነተኛ ትራስ ከክሪኩ አጠገብ ወርውራለታለች። ትራሷን ተቀብሎ ይኸው እስከ ዛሬ ይንተራሳታል። በምላሹ መቀሷን ይስልላታል፤ ስሎም እጀታው ላይ እንደ መሣሪያዎቹ ሁሉ ሦስት ነጥብ ደርድሮ በሹል ብረት ይመታበታል። ሦስት ነጥብ የእሱ ምልክት ናት። በተለማማጅነቱ ዘመን የጋራዥ ሰው መሣሪያ ስለሚሰራረቅ እያንዳንዱ የየራሱ ምልክት ነበረው፤ ሌላው ሲያድግ ተወው፣ እሱ አልተወውም። «እኔንም ግንባሬ ላይ ምታኝ፣ እንዳልሰረቅብህ» ትለዋለች።

ጥቁር አረንጓዴዋን መኪና ያመጡት ቲቸር ናቸው። ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በከዘራ የሚሄዱ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት። ባላቸው መሬት ቀያሽ ነበሩ። መኪናዋ ተጎትታ ስትገባ ወስፌ እጁን በእጁ መታ። ሰላሳ ዓመት ቆማ ቀለሟ መስታወት ይመስላል፤ ቸርኬዎቿ እንደ ብስክሌት በሽቦ የተወጠሩ ናቸው።

«እንዴት ያለች ናት ቲቸር! ጋሼ እንዴት አድርገው ቢይዟት ነው?»

«ከኔ አስበልጦ ነው የያዛት» አሉ ቲቸር። «እንድትነሳ እፈልጋለሁ። አንዴ ተቀምጬባት መሞት አለብኝ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«ይጠይቁኝ።»

«በደንብ የተዘጋ የመኪና በር፣ መኪናው እየሄደ በራሱ ሊከፈት ይችላል?»

ጥያቄው ሰላሳ ዓመት ያስቆጠረ ነበር። መኪናዋ አገልግላ በተገዛች በሦስተኛው ወር፣ ቀያሹ እየነዱ፣ ቲቸር ከጎናቸው ተቀምጠው፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ካለው መታጠፊያ ላይ በቲቸር በኩል ያለው በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ቲቸር ከመኪናዋ ወደቁ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ከዘራው የመጣው ያኔ ነው፤ ልጅ መውለድም በዚያው ቀረ። ሚስታቸውን አስቀምጠው በሩን የሚዘጉላቸው ቀያሹ ነበሩና «ዘግቼዋለሁ፤ ገፍቼም አይቼዋለሁ» አሉ። ቲቸር «አልዘጋኸውም» አሉ። መኪናዋ ግቢያቸው ቆመች። ባልና ሚስቱ አንድ ጣሪያ ሥር አረጁ፣ ይህች ጭቅጭቅ ግን አላረጀችም። በልተው ሲጨርሱ ብቅ ትላለች፤ እንግዳ ሲሸኙ ብቅ ትላለች፤ ቀያሹ ሲሞቱም አልጋቸው ሥር ነበረች።

ወስፌ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ። መቆለፊያውን በጣቱ ነካ። ጤነኛ ነው። ወስፌዋ ኪሱ ውስጥ ነበረች። ግን የሐዘንተኛ መኪና፣ ያውም ባለቤቷ ከዘራቸውን ተደግፈው እያዩት፣ እንደ ሜዳ ሸቀጥ ሊወጋ አፈረ። ቀለሙም አማረው። ያ ቀለም!

«እውነቱን ልንገርዎት ቲቸር» አለ፣ ሰላሳ ዓመት የሠራ ሰው ድምፁን ሲያወፍር እንደሚለው። «የተዘጋ በር በራሱ አይከፈትም። ጋሼ ሳይዘጉት ነው የነዱት።»

ቲቸር ራሳቸውን ነቀነቁ። «አውቄ ነበር» አሉ። ደስ ያላቸው ግን አይመስሉም ነበር።

ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ። ወስፌ ጣፋጩን አስቀደመ፤ ሞተሩን አወረደ፣ ፍሬኑን ሠራ፣ ካርቡራቶሮቹን አስተነፈሳቸው። ሞተሩ ሲነሳ ባለቤቱ እንኳ መርፌዋን ይዛ ወጥታ «እሷስ ዘፈን ታውቃለች» አለች። የቀረው አካሏ ነበር፤ እሱንም ቀላል መስሎት ለመጨረሻ አቆይቶታል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተሳፋሪውን በር ሊያስተካክል ቁጭ አለ። ከበሩና ከአካሉ መሀል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት። ጥፍሩን ከላይ ሞከረ፤ አልገባም። ጣቱን ከታች ሞከረ፤ አለፈ። እንደገና ሞከረ። ጣሪያ የሌላት መኪና ጉልበቷ ሁሉ ደፎቿ ላይ ነው፤ ደፍ ከሌላት ወገብ የላትም፣ እንደ ሰነፍ አልጋ መሀል ለመሀል ትረግባለች።

«ወገቧ ተቀምጧል» አለ ለራሱ።

ወስፌዋን አወጣ። ከደፉ ሥር ያለው ወፍራም ሬንጅ መጀመሪያ ያዛት፤ ገፋ ሲያደርጋት ግን እስከ እጀታዋ ሰመጠች።

አትዋሹ፣ የሰውን ጉድ ማግኘት ያስደስታል። ወስፌንም አስደሰተው። «አገኘሁህ!» ብሎ ጮኸ። «አንቺ ሴትዮ! ነይ የሰው ሥራ እዪ! ነይ የሌባ ጥበብ እዪ!»

ባለቤቱ ጥለቱ ያላለቀ ቀሚስ ትከሻዋ ላይ እንደጣለች መጣች። ከመቁረጡ በፊት በበሩ ክፍት ላይ ሁለት የብረት ቧንቧ አግድም በየደ፤ ይህን ሳያደርግ ደፍ የሚቆርጥ ሰው መኪናዋን ለሁለት ያጥፋታል። ከዚያ ግራይንደሩን አስነሳ። የብረት ድምፅ አልመጣም። ነጭ አቧራ መጣ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ወረቀት ሸተተ። ላሜራው ሲገለበጥ ሆዱ ታየ፤ ጋዜጣ። ተጠቅልሎ፣ ተጨምቆ፣ ከጆንያ ቁራጭ ጋር ተጠቅጥቆ፣ ላዩ ላይ ስቱኮ የፈሰሰበት ጋዜጣ።

«በስመ አብ! ሰው የሚቀመጥበትን?» አለች ባለቤቱ።

«ሰው የሚቀመጥበትን! ይሄን የሠራ እጅ ይቆረጥ! አባቱም ይሄን ሲያይ...» ስድቡ ከአፉ እየወረደ ስቱኮውን በመዶሻ ፈለጠው። ከተፈለጠው መሀል አንዲት ቀጭን ብረት ዱብ አለች። ከአሮጌ የመጋዝ ምላጭ የተቆረጠች፣ ስቱኮ መለጠፊያ። ባለቤቱ አነሳቻት። በቀሚሱ ጥለት ጠረገቻት።

«ውይ» አለች። «ይሄማ የኔ መቀስ ላይ ያለው ነው።»

ሦስት ነጥብ። ተደርድረው።

ወስፌ ክው አለ። መዶሻው ከእጁ ወደቀ፣ እግሩ ላይ ሲወድቅም አልተሰማው። አፉ እንደተከፈተ ቀረ፤ ስድቡ ያለቀበት ቦታ ላይ።  የሚያየውን ብረት ያውቀዋል። ከኋላዋ ያለችውን ጉብጠት ያውቃታል፤ እሱ ነው ያጎበጣት፣ አውራ ጣቱ እንዲመቸው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አለቃው «ደንበኛ የሚገዛው ቀለሙን ነው፤ ሆዷን ማን ያያል?» ይል ነበር። ሌሎቹ ተለማማጆች አንድ ደፍ ለመሙላት ቀን ሙሉ ሲፈጁ፣ እሱ ከምሳ በፊት ይጨርስ ነበር። «ፈጣን» ይሉት ነበር፤ ኮርቶበታል። አንድ ቀን መለጠፊያው ጠፋው፤ ፈለጋት፣ «ስቱኮ ውስጥ ቀብሬያት ይሆናል» ብሎ ስቆ ሌላ ሠራ። ሳቁን ያስታውሳል። መኪናዋን አያስታውስም! አረንጓዴ ትሁን ቀይ፣ ማን እንደገዛት፣ ምንም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የተባለው ለሌላ ሰው ይመስለው ነበር።

ከመኪናዋ ሥር ያለችውን ትራስ ሳብ አድርጎ ተቀመጠባት።

«በሩ ለዚህ ነው የተከፈተው» አለ በመጨረሻ። «ስትታጠፍ ወገቧ ይጠማዘዛል፤ መቆለፊያው ይለቃል። ጋሼ ዘግተውታል። ዘግተውት ነበር!»

ባለቤቱ መለጠፊያዋን አገላበጠቻት። የቲቸርን ታሪክ እሷም ታውቃለች።

«አለቃዬ አዞኝ ነው» አለ።

አየችው። ተቆጥታ አይደለም፤ እንደማታውቀው ሰው ነው ያየችው። «እሁድ እሁድ ሻጮቹ እንዲህ ሲሉህ ምን ነበር የምትላቸው?»

ወስፌ እጆቹን ገልብጦ አየ።

«በይድና ዝጋው ብልህ ትዘጋዋለህ?»

«ማንም አያውቅም እኮ...»

«እኔ አውቃለሁ» አለች፤ መለጠፊያዋንም ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። «ከፊቴ ላይ ፈቃድ አትፈልግ። ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ቄስ አይደለሁም።»

በማግስቱ ሜዳው አልሄደም። የቲቸር ቤት ሳሎን ግድግዳው በካርታ የተሞላ ነው፤ ከበሩ ኋላ የቀያሹ ባለሦስት እግር መቆሚያ ተጣጥፎ ቆሟል፤ ከመስኮቱ ሥር ማንም የማይቀመጥበት ወንበራቸው አለ። ወስፌ የተቃጠለውን ጋዜጣና መለጠፊያዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀው ብዙ ንግግር ነበር፤ ሁሉም ጠፋው።

«ጋሼ በሩን ዘግተውት ነበር። መኪናዋ ወገብ አልነበራትም። በጋዜጣ የሞላኋት እኔ ነኝ። ይህች የኔ ናት።»

ቲቸር ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ፊታቸው ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

«ድገመው።»

ደገመው።

«ቀስ ብለህ ድገመው። አልገባኝም።»

ገብቷቸዋል። ሦስተኛውን ሲጨርስ ፊታቸውን ወደ ባዶው ወንበር አዞሩ፤ ሰው እየሰማ እንደሆነ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የመጨረሻው ቀን እጄን ይዞ 'ዘግቼዋለሁ እኮ' አለኝ። 'እሺ፣ ይሁን' አልኩት። ለሕፃን እንደሚባለው። 'እሺ፣ ይሁን'።»

ተነስተው ከመሳቢያው አንድ ደብተር አወጡና ፊቱ ወረወሩለት። የቀያሽ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ደቃቅ፣ ቀጥ ያለ። በየዓመቱ ሁለት ቁጥር፤ የበሩ ክፍተት ከላይ፣ የበሩ ክፍተት ከታች። ሰላሳ መስመር። የላይኛው በየዓመቱ ይጠባል፣ የታችኛው ይሰፋል። ወስፌ መስመሮቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ሰውዬው ያለ ግራይንደር፣ ያለ ወስፌ፣ በሜትር ብቻ ደርሰውበታል።

«ያበደ መስሎኝ ነበር» አሉ ቲቸር። «ሊያሳየኝ ሲመጣ 'ቁጥር አትቁጠርብኝ' እለው ነበር።»

«ቲቸር፣ ይቅርታ...»

«ቆይ!» ከዘራው ወለሉን መታ። «የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ልተወው እችል ይሆናል፤ እንደሱ ያሉትን ስንቱን አስተምሬያለሁ። አንተን ግን፣ ይሄን ትልቁን ሰውዬ፣ በሯ አጠገብ ቆሜ ጠየቅኩህ። ኪስህ ውስጥ ያቺ ነገር ነበረች። የሰው ሁሉ መኪና ትወጋባታለህ ይላሉ። የሞተ ባሌን ግን ሳትወጋ ፈረድክበት!»

ወስፌ ደብተሩን ከድኖ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።  ትናንት ያበሸቀው የልጅነቱ እጅ ነበር፤ አሁን ግን ያፈረው በምላሱ ነው። ሙያ ያለው ሰው ሳያይ ሲናገር ከማያውቅ ሰው ይብሳል፤ የማያውቀውን ማንም አያምነውም።

«ለሌላ ባለሙያ ልስጣት?» አለ ቀስ ብሎ።

«ማን ነው ሌላ? ደግሞ ሌላ ጋዜጣ ሊጠቀጥቅልኝ? አንተ ትሠራታለህ። እኔ እያየሁ።»

እንዳሉትም አደረጉ። ባለቤቱ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ያለውን ወንበር አወጣችላቸው፤ ቲቸር መጠለያው ሥር ተቀምጠው ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ያዩት ነበር፤ ብየዳ ሲሆን ብቻ ፊታቸውን ያዞራሉ። የግራውን ደፍ ቆርጦ ሲጨርስ «ቀኙንስ?» አሉ። ቀኙም ጋዜጣ ነበር። ሁለቱንም ከወፍራም ላሜራ አጥፎ ሠራ፤ ሳጥኑን ከመዝጋቱ በፊት በየጊዜው «ይዩ» ይላቸዋል፤ ጎንበስ ብለው ውስጡን በጣታቸው ይዳስሳሉ። ስለ ሌላ ነገር አላወሩም። ከባለቤቱ ጋር ግን ያወሩ ነበር፤ አንዴ እንዲያውም ስለ ትራሷ ሰምተው ሳቁ፣ ከዚያ እሱ መኖሩ ትዝ ሲላቸው ሳቁን አቆሙት።

ቧንቧዎቹ ተቆርጠው በሩ የተሰቀለ ቀን ቲቸር የባላቸውን የብረት ሜትር ይዘው መጡ። ራሳቸው ለኩ። ከላይ አራት ሚሊ ሜትር፣ ከታች አራት። ደብተሩን ገለጡና ከቀያሹ የመጨረሻ መስመር ሥር፣ ፈተና በሚያርሙበት ቀይ ብዕር ጻፉት።

«ሂድ፣ ቁልፉን አምጣ» አሉ።

«ቲቸር፣ ቀለሟ ገና...»

«ቀለም አልጠየቅኩህም።»

የባለቤቱን ትከሻ ተደግፈው ያኔ ከወደቁባት የመኪናዋ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በሩን ራሳቸው ሳቡት። «ቃ» አለ። ገፉት፤ አልተነቃነቀም። ወስፌ መሪውን ያዘ። ሰላሳ አንድ ዓመት መኪና የሠራ ሰው፣ ፍሪሲዮን መልቀቅ እንደማያውቅ ሁለት ጊዜ አጠፋት።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«እሱ እንደዚህ አልነዳም» አሉ ቲቸር። «እንደ ሰው ንዳ።»

መታጠፊያው መጣ። ወስፌ ዓይኑ መንገዱ ላይ መሆን ሲገባው የእሳቸው እጅ ላይ ነበር። ቲቸር በሩን አልያዙም፤ ሁለቱን እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ሰውነታቸውን ለመታጠፊያው ለቀው ወደ በሩ ተጠጉ። ክብደታቸው ሁሉ በሩ ላይ አረፈ። 

በሩ አልተከፈተም።

ጥቂት ሄደው ቲቸር ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ። ድምፃቸው ግን ሰላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆሙበት ድምፅ አልነበረም።

«ድገመው።»

ወስፌ መኪናዋን ወደ መታጠፊያው መልሶ አዞረ።